ከሳጥኗ ሥር

የቲዩቧ አፍ አልተከፈተም።

ካቻቪቴ ይህን ያየችው መኪናዋ ከመንገዱ ጥግ ታጥፋ ከተሰወረች በኋላ ነው። እጇን ቱታዋ ኪስ ውስጥ ስትከት ጣት የምታክለውን የቅባት ቲዩብ አገኘች። አፏ ላይ ያለችው ብርማ ወረቀት እንደታሸገች ናት። ይህ ራሱ አላስደነገጣትም፤ እንዳልከፈተችው ታውቃለች። ያስደነገጣት ከጀርባዋ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ነው። ጠዋት ስታገላብጣት ቆይታ አላነበበችውም ነበር። አሁን አነበበችው።

ሙቀት አስተላላፊ።

ደግማ አነበበችው። ተከላካይ አይልም። አስተላላፊ ነው የሚለው።

«ወይኔ» አለች በሹክሹክታ።

ብረት ሙቀት ያስተላልፋል፣ ላስቲክ አያስተላልፍም። ይህን በፊዚክስ ፈተና ላይ ጽፋ ደፍናለች። ጠዋት ጋራዥ ውስጥ ግን ፈተናው ትዝ አላላትም።

መኪናዋ ከአያቷ ለአባቷ የተላለፈች አሮጌ መኪና ናት። ዕድሜዋን አክብረው «እሜቴ» ይሏታል፤ ሲያወሩባትም በአንቱታ ነው። «እሜቴ ዛሬ አልተነሡም»፣ «እሜቴ ውሃ ጠጥተዋል ወይ?» እየተባባሉ። እናቷ ብቻ ነበረች አንዳንዴ የሚመርራት። «እሳቸውን ሸጠን፣ አንቺ ብለን የምንጠራት መኪና ብንገዛ ምናለ?» ትላለች።

ፑንቲና የሚባለው፣ ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚልከው ክፍል በየጊዜው እየተበላ ስላስቸገረ፣ አጎቷ አውጥቶ በምትኩ የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር የኤሌክትሮኒክ ሳጥን ገጠመላቸው። አጎቷ የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ ሥራው የመኪና ኤሌትሪክ። «ካቻቪቴ»፣ ብሎን መፍቻ፣ ያላትም እሱ ነው። ቀጭንና ቀጥ ያለች፣ ጸጉሯ ብቻ እንደ እጀታ ከላይ የተከመረ፤ በዚያ ላይ ከልጅነቷ ጀምሮ መፍቻው ከእጇ አይጠፋም።

የሳጥኗ ችግር ሙቀት አለመውደዷ ነበር። ከጭስ ማውጫው አጠገብ ስለታሰረች ሞተሩ ሲግል ታኮርፋለች። ብልጭታው ይጠፋል፣ እሜቴም ባሉበት ቀጥ ይላሉ። ሲበርዱ ደግሞ ምንም እንዳልሆኑ ሁሉ ይነሣሉ። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ሳጥኗን ቦታ ሊቀይሩላት አጎቷ መጣ። ከጭስ ማውጫው ፊት የላሜራ ጋሻ ተከለ። ነፋስ በሚገባበት፣ ከፊት መብራቱ ጎን ደግሞ ጠፍጣፋ አሉሚኒየም አሰረ። በዚህ መሀል ከሱቁ ስልክ ተደወለለት።

«ሳጥኗን ከላዩ ላይ እሰሪያት» አላት ቲዩቧን እየሰጣት። «ከሥሯ ቅባቱን መቀባት እንዳትረሺ። ስስ አድርገሽ።»

ካቻቪቴ ብቻዋን ስትቀር አሰበች። አሉሚኒየሙ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ይግላል፤ እሱ ሲግል ሳጥኗስ? ቅባት ምን ያደርግላታል? የድሮ ከመነዳሪ፣ ከጎማ ውስጥ የወጣ ላስቲክ፣ ከጥግ ወድቆ ነበር። ከላስቲኩ በሳጥኗ ልክ ቆርጣ፣ ቀዳዳውን ከቀዳዳው አስተካክላ ከሥሯ አነጠፈችላት። ሲያዩት ያምራል። ከፋብሪካ የወጣ ነው የሚመስለው።

አጎቷ ሲመለስ ሳጥኗ ታስራ አያት። «ቀባሽ?»

«አዎ።»

ለምን «አዎ» እንዳለች አሁን ስታስበው ይገርማታል። ፈርታ አልነበረም። እሜቴ የተራራውን አቀበት ያለ ምንም ችግር ወጥተው ሲመለሱ፣ «ቅባትህን እኮ አልነካሁትም» ብላ ልታስገርመው ፈልጋ ነው።

«እጅሽ ይባረክ» ነበር ያላት።

እና አሁን አባቷ እሜቴን እየነዳ፣ ታናሽ እህቷን ሚጢን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ከተራራው ማዶ ካለው የዓይን ሐኪም ዘንድ መነጽር ሊያሠራላት ሄዷል። አቀበቱን ሊወጡ ነው።

ስልኳን አውጥታ ደወለች። «የደወሉላቸው ደንበኛ ስልክ ጠፍቷል» አላት የተቀዳው ድምፅ። ደግማ ደወለች። ጠፍቷል። ለነገሩ መጥፋቱን በዓይኗ አይታለች። እናቷ በር ከተንኳኳ መርዶ፣ ስልክ ከጠራ ሆስፒታል የሚታያት ሰው ናት። ሰው ሲሸኝ የመጥፎ ነገር ዓይነት ሁሉ በስሙ ትጠራለች፤ የጠሩት አይመጣም ብላ ይሁን እንጃ። ዛሬም «እየነዳህ እንዳታወራ! ስልክህን አጥፋ! እያየሁህ አጥፋው» ብላ በመስኮቱ በኩል ቆማ አባቷን አስጠፍታዋለች።

«ማን ጋ ነው የምትደውዪው?» አለች እናቷ ከበረንዳው።

«ጓደኛዬ ጋ።»

ይህ ሁለተኛው ነው ብላ አሰበች። ሁለተኛው ውሸት።

ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ምናልባት ምንም አይሆን ይሆናል። ጠዋት እሜቴን ሲያስነሡ ሳጥኗ ሠርታለች አይደል? ግን ያኔ ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር፤ አቀበትም አልነበረም። ቢቆሙስ ምን አለበት? ትንሽ ይበርዱና ይነሣሉ። አባቷ ልማዱ ነው። ይቆማል፣ ፍሬን ይረግጣል፣ ከዚያ...

ከዚያ ሚጢ ትወርዳለች።

ካቻቪቴ ብድግ አለች። የእሜቴ የእጅ ፍሬን ከላላ ቆይቷል። አባቷ አቀበት ላይ ሲቆም እግሩን ከፍሬኑ ማንሣት አይችልም። ለዚህ ሲባል ከፊት ወንበሩ ሥር አንድ ድንጋይ አለ። ድንጋዩን ይዞ ወርዶ ከኋላ ጎማው ሥር የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ሚጢ ናት። አባቷ «የድንጋይ ሹም» ብሎ ሾሟታል፤ ሹመቷን ትኮራበታለች፤ ለክፍሏ ልጆች ሁሉ አውርታለች። የድንጋይ ሹሟ ሰባት ዓመቷ ነው። ከመንገድ ማዶ የቆመ ሰውም ለይታ አታይም፤ ሐኪም ዘንድ የምትሄደውም ለዚሁ ነው። በአቀበቱ ላይ ደግሞ «ክርኑ» የሚሉት ቦታ አለ። መንገዱ እንደ ክንድ የሚታጠፍበት፣ በአንድ ጎን ግንብ፣ በሌላው ገደል፤ ከላይ ድንጋይ የጫኑ ከባድ መኪናዎች ፍሬናቸው እየሸተተ የሚወርዱበት።

እናቷን ቀና ብላ አየቻት። ብትነግራት እዚያው በረንዳው ላይ ነው የምትወድቀው።

«መጣሁ» ብላ ሮጠች።

የአጎቷ ሱቅ ከመንገዳቸው መጨረሻ ነው። ስትደርስ ሁለት እግሮች ከአንድ ታክሲ በር ወጥተው ተንጋለዋል። ባለ ታክሲው አጠገባቸው ቆሞ ብስኩት ይበላል።

«ጋሼ!»

«ካቻቪቴ፣ እስቲ ፒንሳውን አቀብዪኝ።»

አላቀበለችውም። ትንፋሿ ተቆራርጦባት ነበር። አንድ ጊዜ ከተናገረችው እንደማትመልሰው ታውቃለች። ከዚህ በኋላ ብሎን አያስነካትም። ከዚህ በኋላ «ቀባሽ?» ብሎ ጠይቆ፣ መልሷን አምኖ አይሄድም።

«ቅባቱን አልቀባሁትም።»

እግሮቹ ቀጥ አሉ።

«ቀብቻለሁ ብለሽኝ የለ?»

«ላስቲክ ነው ያደረግኩበት። ከከመነዳሪ ቆርጬ። ሙቀቱ እንዳይገባባት ብዬ።»

አጎቷ ቀስ ብሎ ወጣ። ይጮኻል ብላ ትከሻዋን ሰብስባ ነበር። አልጮኸም። እጁን በጨርቅ ጠርጎ አያት፤ ያ ባሰባት።

«ሄደዋል?»

«ሄደዋል። ስልኩ ጠፍቷል። ሚጢም አለች።»

የፒክአፑን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አነሣ።

«እንዴ! የኔስ?» አለ ባለ ታክሲው፣ ብስኩቱን እንደጎረሰ።

«ያንተ ቆማለች። የቆመ አያመልጥም። ነይ ግቢ፣ አንቺ።»

በቤታቸው ደጅ ሲያልፉ እናቷ በረንዳው ላይ ቀና ስትል ካቻቪቴ አየቻት። አንገቷን ደፋች።

አቀበቱ ሲጀምር አጎቷ ማርሽ ቀንሶ፣ «ሳጥኗ የምትሞቀው ከውጭ ብቻ አይደለም» አለ። «ስትሠራ ራሷም ትሞቃለች። የራሷ ሙቀት በቅባቱ አልፎ ወደ አሉሚኒየሙ፣ ከዚያ ወደ ነፋሱ ይወጣል። አንቺ መውጫውን ዘጋሽበት። ትኩሳት ለያዛት ልጅ ብርድ ልብስ ደረብሽላት።»

«እሺ።»

«ቅባቱ ለምን እንደሆነ አልጠየቅሽኝም።»

«የማውቀው መስሎኝ ነው።»

«እኔም የምታውቂው መስሎኝ ነው» አለ።

ከክርኑ በታች መኪናዎች ተሰልፈው ቆመዋል። አንዳንዱ ጥሩንባ ይነፋል፣ አንዳንዱ ወርዶ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ወደ ላይ ያያል። አጎቷ ፒክአፑን ጥግ አስይዞ በመስኮት ጠየቀ።

«ምንድነው?»

«አንዲት አሮጌ መኪና ክርኑ ላይ ሞታለች አሉ» አለ አንዱ። «የምትሮጥ ልጅም ነበረች። እንጃ፤ እኛ ጋ አይታይም።»

ካቻቪቴ በሩን ከፍታ ወረደች። መጀመሪያ ተራመደች፣ ከዚያ ሮጠች። ከኋላዋ አጎቷ ሲጠራት ትሰማለች። ግንቡን ይዛ ስትታጠፍ መጀመሪያ ያየችው ድንጋዩን ነው። ከጎማ ሥር አይደለም። ብቻውን መንገዱ መሀል ወድቋል። ከሱ ወደ ላይ እሜቴ ቆመዋል፤ የሚጢ በር ቧ ብሎ እንደተከፈተ ነው። ወንበሯ ባዶ ነው። ከእሜቴ አፍንጫ አንድ ክንድ እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ የከባድ መኪና ፊት ተገትሯል።

«ሚጢ!» ድምፅዋ አልወጣም። «ሚጢ!»

«ካቻ!»

ድምፁ ከላይ ነው የመጣው። ሚጢ ከባድ መኪናው ጋቢና ውስጥ፣ መሪው ኋላ ተቀምጣ እጇን ታወዛውዛለች።

«ከዚህ ሁሉም ነገር ይታያል! አንቺ ግን ደብዝዘሻል!»

ካቻቪቴ ግንቡን ተደግፋ ቆመች።

አባቷ ከእሜቴ አጠገብ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። የከባድ መኪናው ሹፌር፣ አንድ ደልዳላ ሰው፣ የእንጨት ታኮውን ከእሜቴ የኋላ ጎማ ሥር በእግሩ እየመታ ያጠብቃል። አፉም አላረፈም።

«ድንጋይ አስታቅፎ! ልጅ! እዚህ ላይ! እኔ ፍሬን ባይዝልኝስ ኖሮ? ጌታዬ፣ አባት ነህ ወይስ ምንድነህ?»

«ልክ ነህ» ይላል አባቷ። «ልክ ነህ፣ ወንድሜ።»

«ልክ መሆኔንማ አውቃለሁ!»

የሆነው ይህ ነው፤ እሜቴ ክርኑ ላይ ብልጭታቸው ጠፍቶ ቆሙ። ሚጢ እንደ ወትሮዋ ወርዳ ድንጋዩን አስገባች። ድንጋዩ ግን አስፋልቱ ላይ ተንሸራተተና ወደ መንገዱ መሀል ተንከባለለ። እሜቴ ወደ ኋላ ትንሽ ሸተት አሉ። ሚጢ ድንጋይዋን ልታመጣ ሮጠች። በዚያው ቅጽበት ከባድ መኪናው ከላይ መጣ። ሹፌሩ ከሷ ለመሸሽ ወደ እሜቴ በኩል ጠምዝዞ፣ የፍሬኑን መርገጫ ወለል እስኪነካ ረግጦ አቆመው፤ ወርዶም ሚጢን አንሥቶ ጋቢናው ውስጥ አስቀመጣት።

አጎቷ ደርሶ የእሜቴን ኮፈን ከፈተ። ሳጥኗን በጣቱ ጫፍ ነክቶ እጁን ቶሎ መለሰ። ከዚያ ካቻቪቴን አየና ብሎን መፍቻውን ዘረጋላት።

«ትንሽ ትብረድና ፍቺያት።»

ሲበርድ ፈታቻት። ላስቲኩ ለስልሶ፣ ከሳጥኗ ሆድ ጋር ተጣብቆ፣ የተቃጠለ ይሸታል። ያ ሲያዩት የሚያምረው ላስቲክ። ላጠችውና ኪሷ ከተተችው። የሳጥኗን ሥር በጨርቅ ጠራረገች። የቲዩቧን አፍ በብሎን መፍቻው ጫፍ ወጋች። ነጩን ቅባት እንደ ፊት ቅባት አሳስታ ቀባች። አጎቷ ከትከሻዋ በላይ ያያል፤ አላረማትም። ሳጥኗን መልሳ አሰረችና እያንዳንዱን ብሎን ሁለቴ አጠበቀች።

አባቷ ቁልፍ አዞረ። እሜቴ ተነሡ።

«ምን ሆነው ነው?» አለ አባቷ በመስኮቱ።

«ሙቀት ነው» አለ አጎቷ። አለና ካቻቪቴን አያት።

አፏን ከፈተች። ከኋላ ጥሩንባው ሁሉ በአንድ ላይ ጮኸ። ሹፌሩ «በል ንዳ! ቀኑን ሙሉ ልንጠብቅህ ነው?» አለ። አባቷ መሪውን ያዘ። አፏን ዘጋች።

ሐኪሙ ዘንድ መድረሻ ሰዓት አልፏል፤ ወደ ቤት ተመለሱ። ካቻቪቴ የመጣችው ከአጎቷ ጋር ነው። የእሜቴን የኋላ መብራት ከፊታቸው እያየች፣ ኪሷ ውስጥ ያለውን ላስቲክ በጣቷ ትነካዋለች።

«እኔ የምለውን ብያለሁ» አላት አጎቷ ደጃቸው ላይ ሲያወርዳት። «ሙቀት ነው ብያለሁ፤ እውነት ነው። የቀረው ያንቺ ነው።»

«ነገ ልምጣ?»

«ነይ። ከእንግዲህ ግን ስጠይቅሽ፣ ከፍተሽ ታሳዪኛለሽ።»

እናቷ ደጁ ላይ ቆማ ነበር። የወንድሟ ፒክአፕ እየበረረ ሲያልፍ ካየች ጀምሮ አልተቀመጠችም። «ማነው? ማን ምን ሆነ? አትደብቁኝ!»

«ማንም ምንም አልሆነም» አለ አባቷ። «እሜቴ ደክሟቸው ነው።»

እናቷ የሚጢን እጅ፣ እግር፣ ራስ ዳሰሰች። ሚጢ በከባድ መኪና ጋቢና ስለመቀመጧ ከማውራት አላቋረጠችም። ድንጋዩን ግን አላነሣችም። አባቷ መንገድ ላይ ምን እንዳላት ካቻቪቴ አታውቅም።

እየጨለመ ነው። አባቷ እሜቴን ጋራዡ ውስጥ አስገብቶ መብራቱን አጠፋ። ጋራዡን ሁልጊዜ ማታ የምትቆልፈው እናቷ ናት። ቆልፋ ሳብ ታደርገዋለች፤ ጥቂት ሄዳ ተመልሳ እንደገና ሳብ ታደርገዋለች። አሁንም ቁልፉን ይዛ መጣች።

አሁን ብትቆልፈው ነገሩ እዚያ ውስጥ ያድራል። ነገም ያድራል። ሙቀት ነበር ተብሎ ይቀራል።

«እማዬ፣ ገና እንዳትቆልፊው።»

«ምን ረሳሽ?»

ካቻቪቴ ላስቲኩን ከኪሷ አውጥታ በመዳፏ ላይ ዘረጋችው። ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደቆረጠችው፣ «ቀባሽ?» ሲባል ምን እንዳለች ተናገረች። ስልኩን ለጓደኛዋ እንዳልደወለችም ተናገረች። ድንጋዩ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ አባቷን አየችው።

«ድንጋዩን ያስያዝኳት እኔ ነኝ» አለ አባቷ። ድምፁ ዝግ ያለ ነው። «የእጅ ፍሬኑን ላሠራው ላሠራው እያልኩ... ክርኑ ላይ ወርዳ ነበር። ከባድ መኪና መጣ።»

እናቷ ጥግ ላይ ባለው አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ዕድሜዋን ሁሉ ስትፈራው የኖረችው ነገር ደጃፏ ድረስ መጥቶ አንኳኩቶ የተመለሰ ይመስል ነበር ፊቷ። ካቻቪቴ ጩኸቱን ጠበቀች። አልመጣም። እናቷ ላስቲኩን ከእጇ ወስዳ አገላበጠችው፣ አሸተተችው።

«ከሙቀት ልትጠብቂያት ብለሽ ነው» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

«አዎ።»

ሚጢ በሩ ላይ ብቅ አለች። ቆማ ስትሰማ ነበር። «አባዬ፣ አሁን እኔ ተሻርኩ ማለት ነው?»

«ተሽረሻል» አለ አባቷ። «ሹመቱ ራሱ ቀርቷል። የእጅ ፍሬኑ ሳይሠራ እሜቴ ከዚህ አይወጡም።»

«ሲሠራ» አለች ካቻቪቴ፣ «ለመነጽሩ ስትሄዱ፣ እኔም እገባለሁ። ከፊት።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። «አንቺንም እዚያ አቀበት ላይ?»

«ሳጥኗን ያሰርኳት እኔ ነኝ።»

እናቷ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች። ሁሉም ወጡ። በሩን ገፍታ ገጠመችው፣ ቁልፉን አዞረች፣ እንደ ልማዷ ሳብ አደረገችው። ጥቂት ሄዳ ተመልሳ እንደገና ሳብ አደረገችው።

ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ አለች።

«ሞክሪው» አለቻት።

ካቻቪቴ እጀታውን በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው። ተቆልፏል።